ከሳህኑ ሥር የተጻፈው

ታቦቱን የሠራው አናጺ ማን እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ? ባስልኤል ይባላል፤ የኡሪ ልጅ፣ ከይሁዳ ነገድ (ዘጸ. 31፥2)። እንጨቱ ግራር እንደ ነበረ፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ክንድ ተኩል እንደ ነበረም ተጽፎልናል (ዘጸ. 37፥1)። እውነቱን እንናገርና ብዙዎቻችን ይህን ክፍል በችኮላ ነው የምናልፈው። ይሁን እንጂ ሠሪውን፣ እንጨቱንና ልኩን ያወቅነው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጻፈው ነው።

ቦብ ስቶክስዴል የተባለ አሜሪካዊ የእንጨት ባለሙያም እንዲህ ያለ ልማድ ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ከመዋጋት በመቆጠቡ በሲቪል ሥራ ካምፕ ተመደበ። እንጨት በቶርኖ እያዞረ የመጀመሪያዎቹን ጎድጓዳ ሳህኖች የሠራው እዚያ ነው። በኋላም በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ፣ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በሳህኖቹ ሥር ከስሙ ጋር የእንጨቱን ዓይነትና የመጣበትን አገር ይጽፍ ነበር። እንጨት ሲያረጅ መልኩ ስለሚለወጥ፣ ያ ጽሑፍ ባይኖር ባለሙያ እንኳ በዓይኑ አይቶ ዛፉን ለመለየት ይቸገራል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ኬይ ሴኪማቺ የምትባል ሸማኔ አገባ። ኬይ በዚያው ጦርነት ጊዜ ዘሯ ጃፓናዊ በመሆኑ ብቻ በካምፕ ተይዛ የነበረች ናት። የባሏን ሳህኖች እንደ ቅርጽ ማውጫ እየተጠቀመች ከወረቀትና ከተልባ እግር ክር ስስ ሳህኖች ሠራች። ባለትዳሮች ሆይ፣ የአንዱ ሙያ ለሌላው እንዲህ ሲያገለግል ማየት አያስደስትም?

በበርክሊ የሚገኘው የባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት ሁለቱንም ቃለ መጠይቅ አድርጎ የእርስዋን ታሪክ በ1996፣ የእርሱን በ1998 አዘጋጅቶ አስቀመጠ። ቦብ በ2003 አረፈ። ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ ኖሮ ማንን ይጠይቁ ነበር?

በእናንተ ቤትስ አባታችሁ የጠረቡት በርጩማ ከዋንዛ ነው ወይስ ከጽድ? የአጥቢያችሁን ምስባክ ማን ሠራው? የዘማሪዎቻችንን ካሴት በጥንቃቄ እናስቀምጣለን፤ የአናጺዎቻችንን ስም ግን ረስተናል፤ ይህ አግባብ አይመስለኝም።

ገልብጡትና ከሥሩ የሠሪውን ስም፣ የእንጨቱን ዓይነትና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊፈስ ይችላል። የቆየ ንድፍ ካላችሁ አትጠፉት፤ በስፒልም አታያይዙት፤ ስፒል ይዝጋል፣ ወረቀቱንም ይበላዋል። አናጺው በሕይወት ካሉ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ እርሳቸው ዘንድ ሂዱ። ባልና ሚስት አብራችሁ ብትሄዱ ይቀላል፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይጽፋል።