ሙቀት ያጠረው ቁራ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳና በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርድ መንገደኛ፣ ቡሌ ሆራን ካለፈ በኋላ አገሩ ይለወጥበታል። እንሰትና ቡናው ወደ ኋላ ይቀርና ቀይ አፈር፣ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ይመጣል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናውቀው በጭነት መኪናው፣ በኬላውና በከብት ንግዱ ነው። ወፍ ሊያይ የሚወርድ ሰው ግን ያቤሎ ሲደርስ ዓይኑን ከአስፋልቱ ዳር ባያነሳ ይሻለዋል። በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኝ ቁራ የሚኖረው እዚያ ነው።

የቁጥቋጦ ቁራ ይሉታል። ቁራ ሲባል ያንን የቄራውን ጥቁር ወፍ እንዳታስቡ። የዚህኛው ገላ ግራጫ ነው፤ ክንፉና ጅራቱ ብቻ ጠቁረዋል። በዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ደማቅ ሰማያዊ ቆዳ አለው። ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። ጠዋት ከብቱ ሲሰማራ አብሮ ይወጣል፤ እበቱን በምንቃሩ እየገለበጠ፣ አፈሩን እየቆፈረ ትልና ጥንዚዛ ይለቅማል። የቦረና አርብቶ አደር መንደር አጠገብ መዋል ስለለመደ ሰው ሲያይ ብዙም አይበረግግም። ከግራር አናት ላይ እሾህ እየደረደረ የሚሠራው ድቡልቡል ጎጆ ትልቅ ስለሆነ ከመኪና ውስጥ ሆኖም ይታያል። አንዱን ጎጆ ከሁለት በላይ ወፎች ተጋግዘው ሲንከባከቡትም ይገኛሉ።

ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1938 (እ.ኤ.አ.) ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። ወፉ ቁራ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በኋላ የዘረመል ምርመራ ከቁራ ወገን መሆኑን አረጋገጠ። ከቅርብ ዘመዶቹ መካከል የመካከለኛው እስያ በረሃ ወፎች ይገኙበታል።

ትልቁ እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነበር። ወፉ የሚኖረው በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ ዙሪያ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ብቻ ነው። ከዚያች መሬት ወጣ ሲሉ ግራሩም፣ አፈሩም፣ ከብቱም ያው ነው፤ ወፉ ግን የለም። የሚያግደው ወንዝ ወይም ተራራ አልተገኘም። በ2012 የወጣ ጥናት መልሱን ከአየሩ ሙቀት አገኘው። ቁራው የሚኖርበት ቦታ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ነው፤ ዙሪያው ያለው ቆላ ከዚያ ይሞቃል። በኋላ ወፉን ቀኑን ሙሉ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሙቀቱ ሲጨምር አፉን ከፍቶ እንደሚያለከልክና ምግብ ፍለጋውን ትቶ ጥላ እንደሚይዝ አዩ። እዚያው አብረውት የሚውሉ ሌሎች ወፎች ያንኑ ሙቀት ችለው ይለቅማሉ። በእኔ እይታ ይህ ቁራ ለአገራችን የአየር ለውጥ ተመልካቾች ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ ምስክር ነው፤ ቆላው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚሸሽበት መሬት የለውም።

ብቻውን አይደለም። ጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት፣ ነፍሳትን በአየር ላይ የምትቀልብ ትንሽ ወፍም የምትኖረው እዚያው ነው። በ1942 ስትመዘገብ ሳይንሳዊ ስሟን ከሜጋ ከተማ ወሰደች፤ በቦረናዎች ጎጆ ቤት ውስጥ ገብታ ትፈለፍላለች።

ጊዜ ያለው ሰው ወደ ነገሌ ሊታጠፍ ይችላል። በዚያ በኩል አረንጓዴ ገላና ነጭ ጉትዬ ያለው የሩስፖሊ ወፍ አለ። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 ዝሆን ሲገድለው፣ ወፉ ከየት እንደተገኘ ሳይጽፍ ቀረ፤ አድራሻው ሳይታወቅ ብዙ ዓመት አለፈ። ከነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳም መሬት ለመሬት የምትኖር፣ በግጦሽና በእርሻ ምክንያት ልትጠፋ የደረሰች ትንሽ ወፍ ይዟል።

መንገዱን ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ ያቤሎ ይደር፤ የአካባቢውን ሰው አስከትሎም ማለዳ ይውጣ። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ቁራው ጥላ ሥር ነው። ሜጋን አልፎ ወደ ሞያሌ ቆላ የወረደ ደግሞ ፍለጋውን ይተወው፤ እዚያ አያገኘውም።