የአልጋ ቤቱ ደብተርና የሽብር ሕጉ

አዲስ አበባ፣ ጎጃም በረንዳ አልጋ ለመያዝ የመጣ ሰው በመጀመሪያ መታወቂያ ይጠየቃል። የአልጋ ቤቱ ልጅ ስሙን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ሂሳብ ይቀበላል፣ ቁልፉን ይሰጣል። እንግዳው ይህን የቤቱ ደንብ አድርጎ ያልፈዋል። ለአስር ዓመት ያህል ግን የሽብር ሕግም ነበር። ነሐሴ 2001 የታወጀው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652፣ ቤትም ክፍልም መኪናም ያከራየ ሰው የተከራዩን ማንነት በጽሑፍ መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር። የውጭ ዜጋ በቤቱ ያኖረ ደግሞ የፓስፖርቱን ቅጂ ጨምሮ። ጥበቃው በአከራዩ ጫንቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሕጉ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። ሰኔ 19 ቀን 1987 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሁስኒ ሙባረክ አዲስ አበባ ውስጥ ተተኩሶባቸዋል። በ1988 የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አል ኢትሃድ የከተማዋን ሆቴሎች በቦምብ መታ። አዋጁ ከወጣ በኋላም፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ሁለት የሶማሊያ ዜጎች ቦሌ አካባቢ ባለ ቤት ውስጥ የያዙት ፈንጂ ፈንድቶባቸው ሞተዋል። እንዲህ ያለ ቤት እያለ ተከራይ ይመዝገብ ማለት ጭካኔ አይደለም።

ነገሩ የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው። በ2004 በአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳ የሙስሊሞች ተቃውሞ ወደ መርካቶው አንዋር መስጊድ ተሻገረ። መንግሥት አህባሽ የተባለውን የእስልምና አስተምህሮ በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ (በመጅሊሱ) በኩል ይጭንብናል፣ የመጅሊሱ ምርጫም በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይካሄድ ነበር ጥያቄው። መፈክሩ «ድምፃችን ይሰማ»፣ ቀኑ ጁምዓ፤ አንዳንዴም እንደ ኳስ ዳኛ ማስጠንቀቂያ ሁሉም ቢጫ ወረቀት ያወጣ ነበር። ቢጫ ወረቀት ይዞ ሽብር!

ሐምሌ 2004 ከመንግሥት ጋር ሲነጋገሩ የነበሩት 17 ሰዎች ያሉት የሙስሊሞቹ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት መታሰር ጀመሩ። ጥቅምት 2005 በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ። ጥር ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ገና ሳይወስን፣ ኢቲቪ «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም አሳየ። ሐምሌ 2007 የኮሚቴው አባላት አቡበከር አህመድና አህመዲን ጀበል በ22 ዓመት እስራት ተቀጡ። የቦሌው ፈንጂና የአንዋሩ ቢጫ ወረቀት በአንድ ሚዛን ተመዘኑ፤ የዚያ ዘመን ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል።

ጎረቤት ኬንያም ከዚህ አልተሻለችም። በ2006 ፖሊስ የናይሮቢውን ኢስሊ ሰፈር ሲያስስ ከሶማሊያ ስደተኞች ጋር ኢትዮጵያውያንም ታፍሰዋል፤ ብዙዎች በካሳራኒ ስታዲየም ታጉረው ከርመዋል። አገሩን ሸሽቶ የሄደ ሰው እዚያም በመልኩና በስሙ ተጠርጣሪ ሆነ።

አዋጅ 652 በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል፤ አዲሱ ሕግ ሰላማዊ ሰልፍንና የሥራ ማቆም አድማን ከሽብር ለይቶ አስቀምጧል። የመጅሊሱ ነገርም ቢሆን በወህኒ ቤት አልተፈታም። በ2010 ጉዳዩን እንዲያይ ዘጠኝ ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ከአባላቱ መካከል በሽብር ተከሰው የታሰሩ ሰዎች ነበሩበት።