ስኳሽ ለተማሪና ለወላጅ

የማኅበረሰብ ስኳሽ መርሐ ግብር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በአንድ አሠልጣኝ ሥር፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተገናኙ ጨዋታውን ከሥሩ የሚማሩበት ነው። ከግል ክለብ የሚለየው በአቀባበሉ ነው። የዓመት መዋጮ የከፈለና በአባል የተጠቆመ ሰው ብቻ አይደለም የሚገባበት፤ ክፍያው ዝቅተኛ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጭራሹን የለም። ራኬት፣ ኳስና የዓይን መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ በውሰት ይሰጣሉ። ሜዳውም የትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የስፖርት ማዕከል ሲሆን ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ተመርጦ ለሰፈሩ ሰው ይከፈታል።

ጨዋታው የተወለደው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንግሊዝ አገር በሚገኘው የሃሮው ትምህርት ቤት፣ ራኬትስ የተባለውን ፈጣን የግድግዳ ጨዋታ ለመጫወት ተራ የሚጠብቁ ልጆች በለስላሳ የጎማ ኳስ ይለማመዱ ነበር። ልምምዱ ከዋናው ጨዋታ ይበልጥ ጣማቸውና ራሱን የቻለ ስፖርት ሆነ። ኋላ ግን ስኳሽ የባለሀብት ክለቦች፣ የጦር መኮንኖችና የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ይህን አጥር ቀድመው የጣሱት ኳስ አቀባዮች ናቸው። ሃሺም ካን ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ባለችው ፔሻዋር በሚገኝ የእንግሊዝ መኮንኖች ክለብ ኳስ እያቀበለ፣ መኮንኖቹ ሜዳውን ሲለቁ በባዶ እግሩ እየተጫወተ አደገ፤ በ1951 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሪቲሽ ኦፕን የተባለውን የስኳሽ ውድድር ዋንጫ ወሰደ። ከዘመዶቹ አንዱ የሆነው ጃሃንጊር ካን ደግሞ ያንኑ ውድድር ከ1982 እስከ 1991 ለ10 ተከታታይ ዓመታት አሸንፏል።

ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች የሚታየው የማኅበረሰብ መርሐ ግብር መልኩን የያዘው በቦስተን ነው። በ1996 ግሬግ ዛፍ የተባለ የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ስኳሽባስተርስን መሠረተ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይመጣሉ፣ ጊዜያቸውን ከፍለው ከፊሉን ሜዳ ላይ፣ ከፊሉን ጥናት ላይ ያሳልፋሉ። በ1999 በኒው ዮርክ ሃርለም ስትሪትስኳሽ ተከተለ፤ ከዚያም ሌሎች ከተሞች ተቀበሉት። በ2021 በፊላደልፊያ አንድ አሮጌ የጦር ማሠልጠኛ አዳራሽ ታድሶ የአገሪቱ የስኳሽ ማዕከል ሲሆን፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ጎን የሰፈር ልጆችም ቦታ ተሰጣቸው። በ2028 ስኳሽ በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ጨዋታ ስለሚሆን የጀማሪው ቁጥር መጨመሩ አይቀርም።

ሜዳው ርዝመቱ 9.75 ሜትር፣ ወርዱ 6.4 ሜትር የሆነ በአራት ግድግዳ የተከበበ ክፍል ነው። ኳሷ በእያንዳንዱ ምት የፊተኛውን ግድግዳ መንካት አለባት፤ ከላይኛው መስመር በታች፣ ከወለሉ 48 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሚያልቀው ቆርቆሮ በላይ። ወለሉን ከአንድ ጊዜ በላይ ሳትነካ ተራው የደረሰው ተጫዋች ይመልሳታል። አንድ ዙር በ11 ነጥብ ያልቃል፤ 10 ለ10 ከሆነ የሁለት ነጥብ ብልጫ ያስፈልጋል፤ ሦስት ዙር ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። ይህን ማንም በመጀመሪያው ቀን ይይዘዋል።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በሕጉ ሳይሆን በኳሷ ነው፤ ለኳሷም የሚገባውን ትኩረት የሚሰጣት ሰው ጥቂት ነው። የስኳሽ ኳስ ከሁለት የጎማ ግማሾች ተጣብቃ የምትሠራ፣ ውስጧ ከአየር በቀር ምንም የሌለባት፣ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 24 ግራም ገደማ ክብደት ያላት ናት። አዲስ መጪ መጀመሪያ ከእጁ ሲለቃት ወለሉ ላይ ዘፍ ትላለች። «ይቺ ኳስ ተንፍሳለች» ይላል፤ ወደ ሱቅ መልሶ ሌላ ይለውጣል፤ ሁለተኛዋም እንደ መጀመሪያዋ ናት። ኳሷ ግን ደህና ነች፤ ያልሞቀች ብቻ ነች።

ለውድድር የምታገለግለው ኳስ በሁለት ቢጫ ነጥቦች ትታወቃለች። ይህች ኳስ በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ254 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ መመለስ የሚጠበቅባት ቢያንስ የከፍታውን 12 በመቶ ነው፤ ይህም 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአዋቂ ሰው ጉልበት እንኳ የማይደርስ ነው። ያችው ኳስ 45 ዲግሪ ስትሞቅ የከፍታውን ከሩብ እስከ ሲሶ ትነጥራለች። ልዩነቱን የሚያመጣው ምቱ ነው። ራኬትና ግድግዳ በመቷት ቁጥር ኳሷ ትጨፈለቃለች፣ ተመልሳ ትነፋለች፤ በዚህ መሐል ከጉልበቱ ከፊሉ ጎማው ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሞቀ ጎማ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ውስጧ የታፈነው አየርም ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። በሌላ በኩል ኳሷ ሙቀቷን ለግድግዳው፣ ለወለሉና በዙሪያዋ ላለው አየር ታስረክባለች። ጠንካራ መቺዎች ያለ ማቋረጥ ሲቀባበሏት ገቢና ወጪው 45 ዲግሪ አካባቢ ይመጣጠናል። ስለዚህ ባለ ሁለት ቢጫዋ ኳስ ሁልጊዜ እንድትሞቅ ለሚያደርጓት ሰዎች የተሠራች ናት።

ጀማሪ ደግሞ አንድ ሁለቴ መትቶ ይስታል፤ ኳሷን ሊያነሳ ይሄዳል፤ ቆሞ ይነጋገራል፤ እንደገና ሰርቪስ ያደርጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኳሷ ትቀዘቅዛለች። የቀዘቀዘች ኳስ ስለማትነጥር ጀማሪው አይደርስባትም፤ ስላልደረሰባት አይመታትም፤ ስላልተመታች ጨርሳ ትቀዘቅዛለች። ልጁ «እኔ አልችልም» ብሎ ራኬቱን ያስቀምጣል። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን «ለልጄ ምርጡን» ብሎ የሻምፒዮኖቹን ኳስ የገዛው ወላጅ ነው። በስኳሽ ፕሮፌሽናሎች የሚጫወቱባት ኳስ ለጀማሪ ከሁሉ የከፋች ናት። ይህን አንድ ነገር የማያስረዳ ሻጭም ለስፖርቱ ደግ አይሠራም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ በየመደርደሪያው ላይ አለ። አንድ ቢጫ ነጥብ ያላት ኳስ ከባለ ሁለቷ ትንሽ ትሻላለች፤ በክለብ ደረጃ ለሚጫወት ሰው ትስማማለች። ቀይ ነጥብ ያላት ደግሞ ይበልጥ ትነጥራለች፤ ሰማያዊዋ ከሁሉም በላይ ትነጥራለች። በታዋቂው የደንሎፕ ምርት ቀይዋ ከውድድር ኳስ 6 በመቶ፣ ሰማያዊዋ 12 በመቶ ትሰፋለች፤ አምራቹ እንደሚለው አየር ላይ የምትቆይበት ጊዜ በቀይዋ 20፣ በሰማያዊዋ 40 በመቶ ይረዝማል። ያች ተጨማሪ ጊዜ ለጀማሪ ሁሉ ነገር ናት፤ እግሩን ያስተካክልባታል፣ ራኬቱን ወደ ኋላ ይስብባታል፣ ኳሷን አይቶ ይመታባታል። ለትንንሾቹ ከዚህም የሚበልጡ ለስላሳ ኳሶች አሉ። ጥሩ አሠልጣኝ ሳጥኑ ውስጥ እነዚህን ሁሉ ይይዛል። ልጁ ከአሥር በላይ ተከታታይ ምት መቀባበል ሲጀምር ወደሚቀጥለው ኳስ ያሸጋግረዋል፤ በዕድሜ ወይም በክፍል ደረጃ ግን አያሸጋግርም። ለወላጅም ያው ነው። የአርባ ዓመት አባት በሰማያዊ ኳስ መጀመሩ አያሳፍረውም።

የቦታ ከፍታም በኳሷ ላይ ይፈርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በራሪዋን ኳስ ብዙም አያዘገያትም፤ ከኳሷ ውጭ ያለው ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ውስጧ ያለው አየር ይበልጥ ይወጥራታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተጫወተ ሰው ለንደን ወይም ዋሽንግተን ሄዶ ያንኑ ኳስ ቢመታ ከባድና ሰነፍ ሆና ያገኛታል። ከፍታ ቦታ ላይ የሚጀምር ቤተሰብ ከሰማያዊዋ ይልቅ በቀይዋ ቢጀምር ያዋጣዋል። የክረምት ምሽት ቅዝቃዜ ግን ይህን ትርፍ መልሶ ይወስዳል፤ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ውስጥ ከመጀመር በፊት ኳሷን ለደቂቃዎች በጋራ መቀባበል ግዴታ ነው። ኳሷን በእግር ረግጦ ማሸት ብዙዎች የሚወዱት ልማድ ነው፤ ሆኖም ኳሷን ያቆሽሻታል እንጂ እንደ ምት አያሞቃትም።

ይህቺ ትንሽ ኳስ ሌላም ጠባይ አላት። የእግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ፊትን ሲመታ የቅንድብና የጉንጭ አጥንት ያግደዋል። የስኳሽ ኳስ ግን ስፋቷ ከዓይን ጉድጓድ ጋር ስለሚቀራረብ በአጥንቶቹ መሐል ገብታ ራሱን ዓይኑን ትመታለች። አውስትራሊያዊው ካሜሮን ፒሊ በ2014 የመታት ኳስ በሰዓት 281.6 ኪሎ ሜትር ተለክታለች፤ የተማሪ ምት የዚህ ግማሽ እንኳ ባይደርስ ዓይን ለማጥፋት ይበቃል። ስለዚህ ለልጆች ፖሊካርቦኔት ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ያለው የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው፤ በአሜሪካ ፌዴሬሽኑ በሚያውቃቸው ውድድሮች ለአዋቂም ግዴታ ነው። የማንበቢያ መነጽር መከላከያ አይደለም፤ ተሰብሮ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሌንስ የሌለው ፍሬም ብቻ የሆነው ዓይነትም አይሠራም፤ ኳሷ ተጨፍልቃ በክፍተቱ ታልፋለች። ልጆቹን «መነጽራችሁን አድርጉ» እያሉ ራሳቸው ባዶ ዓይናቸውን የሚገቡ ወላጆች በየሜዳው አሉ። ልጅ የሚያየውን እንጂ የሚነገረውን አይከተልም፤ መከላከያውን መጀመሪያ ማጥለቅ ያለበት ወላጁ ነው።

ከመከላከያው ቀጥሎ የሚያድነው ሕጉ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ራኬት ይዘው በአንድ ክፍል ውስጥ ይሯሯጣሉ። ተጋጣሚ ወደ ኳሷ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ከቆመ፣ ወይም ራኬቱ ሲሰነዘር ሊነካው ከቻለ ምቱ ይቆማል፣ «ሌት» ይባላል፤ ነጥቡ እንደገና ይካሄዳል። የቆመው ሰው ኳሷ በቀጥታ ወደ ፊተኛው ግድግዳ የምትሄድበትን መንገድ ዘግቶ ከሆነ ግን «ስትሮክ» ይሰጣል፤ ነጥቡ ለመቺው ነው። በቤተሰብ ጨዋታ ክርክር ሲነሳ ሌት ይበቃል። የመታ ሰው ወዲያው ወደ ጎን ወጥቶ ለተጋጣሚው መንገድ መልቀቅና የሜዳውን መሐል፣ መስመሮቹ የቲ ቅርጽ የሚሠሩበትን ቦታ መያዝ አለበት። ይህ ልማድ ከምት በፊት ሊማሩት የሚገባ ነው።

ወላጅ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ያለው ቦታ ከኋለኛው የመስታወት ግድግዳ ጀርባ አይደለም። ከኋላ ቆሞ «ሩጪ እንጂ! ቀኝ! ቀኝ!» የሚል ድምፅ ለልጅ ከአሠልጣኙ ድምፅ ጋር ይደበላለቅባታል፤ ሁለቱንም ሳትሰማ ትቀራለች። ወላጅ ራኬት ይዞ ሲገባ ግን ኳሷ ምን ያህል እንደምታስቸግር በራሱ እጅ ስለሚያየው ትዕግሥቱ ይጨምራል። ችሎታቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች እኩል እንዲጫወቱ የሚያደርግ ቀላል ዘዴ አለ፤ ጠንካራው ከኋለኛው ግማሽ ሜዳ ውጭ ኳስ እንዳያሳርፍ ይስማማል፣ ደካማው ሙሉውን ሜዳ ይጠቀማል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ስፖርት የሚመለስ ወላጅ፣ በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባዋል። ስኳሽ የልብ ምትን በድንገት ከፍ የሚያደርግ ጨዋታ ስለሆነ ሰውነትን ለማጠንከር ሳይሆን ሰውነት ትንሽ ከጠነከረ በኋላ ነው የሚገባበት።

ምዝገባው ቀላል ነው። በአብዛኛው አንድ ቅጽ ይሞላል፤ የአደጋ ጊዜ ስልክና የጤና ሁኔታ ይጠየቃል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይፈርማል። ወላጁም በበኩሉ መጠየቅ ያለበት አለ። አሠልጣኞቹ ከልጆች ጋር ለመሥራት ተጣርተዋል ወይ? በአንድ ሜዳ ስንት ልጅ ይገባል? ከስድስት በላይ ከሆነ አብዛኛው ጊዜ በተራ ጥበቃ ያልፋል። መነጽርና ራኬት በውሰት አለ ወይ? ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊና ቀይ ኳስ አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ የአሠልጣኙን ጥራት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያሳያል። ራኬት ቶሎ መግዛት አያስፈልግም፤ ሲገዛም ለትንሽ ልጅ አጠር ያለ የልጆች ራኬት ይመረጣል፤ የአዋቂው እስከ 68.6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የግድ ከቤት የሚመጣው ጫማ ነው። ሶሉ ወለል ላይ ጥቁር ምልክት የማይተው፣ ጎኑ ለጎን ሩጫ የጠነከረ የቤት ውስጥ ጫማ መሆን አለበት፤ መንገድ ላይ የተሄደበት ጫማ ደቃቅ አሸዋ ይዞ ገብቶ የእንጨቱን ወለል አንሸራታች ያደርገዋል፤ ብዙ ሜዳዎችም በሩ ላይ ይመልሱታል።