መለኪያው የማይለካው አረቄ

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የመተማ መንገድ ይጨናነቃል። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ እስከ ሱዳን ድንበር በሚወርደው አስፋልት ላይ፣ ሥራ ፍለጋ የሚጓዙ ወጣቶችን የጫኑ መኪኖች ይመላለሳሉ። በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» የሚባሉት ነባር የወቅት ሠራተኞችም፣ ገና የመጀመሪያ ዓመታቸው የሆኑ ልጆችም አሉበት። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሐሩር ጎንበስ ብሎ መዋል ነው። ማታ ወገብ ሲንቀጠቀጥ፣ ኪስ ውስጥ ትንሽ ብር ሲገባ፣ ብዙዎች የሚያመሩት አንድ ቦታ ነው፤ አረቄ ቤት።

እስቲ አረቄ የሚቀዳባትን ትንሽ ብርጭቆ ስም ልብ በሉ። «መለኪያ» ትባላለች። ግን ምኑን ነው የምትለካው? ብዛቱን ብቻ። ውስጡ ስንት በመቶ አልኮል እንዳለ አትነግራችሁም። ተራ አረቄ ይሁን ዳግም፣ ውኃ ይቀላቀልበት ወይም ሌላ ነገር፣ መለኪያዋ ዝም ነው። ጠጪውም የሚያውቀው ነገር ቢኖር «ይህቺ ትነዳለች» ወይም «ይህቺ ቀላል ናት» ከሚለው አያልፍም።

መተማ ላይ ይህ ጥያቄ ድንበርም አለበት። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 አልኮልን ከከለከለች ወዲህ፣ ከገላባት ማዶ የተከለከለው መጠጥ ወዲህ ማዶ በግልጽ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ካርቱም ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ሕጉን አላላች። የሆነ ሆኖ የድንበር ከተማ ጠርሙስ ከየት ተነስቶ፣ በስንት እጅ አልፎ እንደደረሰ መናገር ከባድ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ገዳይ

አስካሪው አልኮል ኢታኖል ይባላል። ሜታኖል የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው፤ ሽታቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ይነዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሰውነታችን ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ጉበት ሜታኖልን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ይህ አሲድ ከሁሉ በፊት የሚያጠቃው የዓይንን ነርቭ ነው። ከአንዲት መለኪያ የማይበልጥ፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹህ ሜታኖል አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ከዚያ ያነሰውም ሊያሳውር።

ነገሩን የሚያከፋው መዘግየቱ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚታየው። ሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ ራስ ምታት ይመጣል፤ ሰውየው «አንጎበር ነው፣ ተኝቼ ልነሳ» ይላል። እይታው እንደ ጉም ሲደበዝዝበት ግን ጉዳዩ ከአንጎበር አልፏል። ይህ የሐኪም ቤት ጉዳይ ነው፤ ያውም የደቂቃ። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ላኦስ ውስጥ ስድስት የውጭ አገር ቱሪስቶች በዚሁ ምክንያት ሞተዋል፤ ኢራን ውስጥ ደግሞ በኮቪድ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናጣምም። ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ ተጠንስሶ በቤት የሚወጣ አረቄ በተፈጥሮው የሚኖረው ሜታኖል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ሰው በጅምላ የፈጁት መጠጦች በአብዛኛው ለትርፍ ሲባል የፋብሪካ ሜታኖል የተጨመረባቸው ናቸው። ስለዚህ ልጆቿን በአረቄ ያሳደገች እናት ላይ ጣት መቀሰር አይደለም ዓላማው። እንዲያውም መጠጧ ንጹህ መሆኑን የምታስመሰክርበት መንገድ የሌላት እሷ ናት። አንድ ሰው ቢታመም ሰፈሩ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚያየው።

«በእሳት ይፈተናላ!» የሚል አይጠፋም። አረቄውን ጠብ አድርጎ ክብሪት መለኮስ የቆየ ዘዴ ነው። ጠንካራ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ኢታኖሉን ከሜታኖሉ ግን አይለይም። ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋውን ማየትም እንደዚያው ነው።

ስልካችሁን አውጡና ሞክሩት

የቴሌቪዥን ሪሞት አንሱና ጫፉን ወደ ስልካችሁ የሰልፊ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ። በብዙ ስልኮች ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጭ የመሰለ ብልጭታ ታያላችሁ። በባዶ ዓይን ስታዩት ግን ምንም የለም። ያ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል፤ ዓይናችን የማያየው፣ ከቀይ ማዶ ያለ ብርሃን ነው።

የስፔክትሮስኮፒ መነሻው ይኸው ነው። ብርሃን በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ የተወሰኑ ሞገዶችን ይውጣሉ፣ የቀሩትን ያሳልፋሉ። ውኃ የራሱን ይውጣል፤ ኢታኖል የራሱን፤ ስኳርም የራሱን። የተዋጠው ብርሃን መጠን ደግሞ ከፈሳሹ ብዛት ጋር አብሮ ይጨምራል። መሣሪያው የትኛው ሞገድ ስንት እንደተዋጠ በመስመር ይስላል። ያ መስመር የመጠጡ አሻራ ነው። ጠብታም ኬሚካል አልተጨመረ፣ መጠጡም አልተበላሸ።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ታዲያ ስታቲስቲክሱ ለምን መጣ? ነገሩ ወዲህ ነው። የውኃ፣ የኢታኖልና የሜታኖል አሻራ ይደራረባል። አሥር ልጆች በአንድ ክፍል እየጮኹ የራሷን ልጅ ድምፅ የምትለይ እናት አስቡ። የምትለየው አንዷን ቃል ሰምታ አይደለም፤ ዓመታት ስለሰማችው ነው። ሞዴሉም እንደዚያው ይሰለጥናል። መጀመሪያ የአልኮል መጠናቸው በላብራቶሪ የታወቀ ብዙ ናሙናዎች ይሰጡታል። የእያንዳንዱን መስመርና ቁጥር እያስተያየ፣ አልኮል ሲጨምር የትኞቹ ሞገዶች አብረው እንደሚለወጡ ይማራል። በመስኩ ብዙ የሚሠራበት ዘዴ ፓርሻል ሊስት ስኩዌርስ ይባላል።

ከዚያ ፈተና አለ። ሞዴሉ አይቷቸው የማያውቃቸው ናሙናዎች ለብቻ ይቀመጡና በእነሱ ይፈተናል። በተማረባቸው ብቻ ከተፈተነማ፣ የፈተናውን መልስ ቀድሞ እንደሸመደደ ተማሪ መቶ ከመቶ ሊያመጣ ይችላል። ሽምደዳ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንጂ ሥራ ላይ አያዋጣም።

እኛ አገር ተሠርቷል

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አያሌው ደበበ፣ መስፍን ረዲና ብሃግዋን ሲንግ ቻንድራቫንሺ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡሌቲን ላይ ያወጡት ጥናት፣ እንደ አረቄ በሙቀት ተነጥረው በሚወጡ መጠጦች ውስጥ ያለውን ኢታኖል በቅርብ ኢንፍራሬድና በዚሁ በፓርሻል ሊስት ስኩዌርስ የሚለካ ነው። በዚያው ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች ተጠንስሰው ለሚጠጡ መጠጦች በመካከለኛው ኢንፍራሬድ የሚሠራ ሌላ ዘዴ አሳትመዋል። መጠጡን ሳያበላሹ መለካት ይቻላል ነው መልእክቱ።

ቡናም ከዚህ አላመለጠም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ የቤንች ማጂ፣ የይርጋጨፌ፣ የቴፒና የጎደሬ ቡናዎችን ካፌይን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለክተው ከ1.01 እስከ 1.19 በመቶ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ካሳዬ ቶለሳና የቤልጂየም ባልደረቦቹ፣ ቡናው ሳይቆላ፣ ከጥሬ ፍሬው የኢንፍራሬድ መስመር ብቻ ተነስተው ቀማሾች የሚሰጡትን ነጥብ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ሰሊጡን ለምርት ገበያ ደረጃ አስወጥቶ የሸጠ የመተማ ገበሬ፣ «ደረጃ» የምትለዋ ቃል በኩንታል ላይ ምን ያህል ብር እንደምትለውጥ ያውቃታል።

ልብ በሉ፤ የቡናው ሞዴል የቡና ጣዕም አያውቅም። የሰው ምላስ ያስተማረውን ነው የሚደግመው። አስተማሪዎቹ ከተሳሳቱ እሱም በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

የመተማ ሙቀት ሒሳቡን ያበላሻል

እሺ፣ መሣሪያው ነገ መኪና ላይ ተጭኖ መተማ ቢወርድስ? እዚህ ላይ ሁለት ጣጣ አለ።

አንደኛው ሙቀቱ ነው። ውኃ በኢንፍራሬድ የሚተወው አሻራ እንደ ሙቀቱ ይንሸራተታል። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ላብራቶሪ የተማረ ሞዴል፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርሰው የቆላ ቀን ሲያየው፣ የሙቀቱን ለውጥ የአልኮል ለውጥ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ወይ ናሙናውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሙቀት መለካት፣ ወይም ሞዴሉን ከመጀመሪያው በተለያየ ሙቀት ማሰልጠን። ግን አስቀድሞ ካልታሰበበት ቁጥሩ ውሸት ይሆናል፤ ያውም በነጥብ የተጻፈ፣ እውነት የሚመስል ውሸት።

ሁለተኛው ራሱ አረቄው ነው። ሞዴል የማያውቀውን ነገር «አላውቅም» ብሎ አይመልስም፤ ካላስተማሩት በቀር ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጣል። ማሽላ በሚበዛበት ቆላ የሚወጣ አረቄ ከደጋው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የቆላው ናሙና በሥልጠናው ውስጥ ከሌለ፣ ውጤቱ ስለ መተማ ጠጪ የሚናገረው ነገር የለም። ላይ የጠቀስናቸው የ2017 ሥራዎችም የለኩት ኢታኖልን ነው፤ ሜታኖል የራሱ ሥልጠና ያስፈልገዋል።

ለሜታኖሉ ሌላ ዓይነት ብርሃን ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ የሚያዝ የራማን መሣሪያ ተጠቅመው፣ ጠርሙስ ሳይከፈት፣ በመስታወቱ ውስጥ አልፈው ሜታኖልን እስከ 0.025 በመቶ ድረስ ለይተዋል። በሳይንሱ እንደ አደጋ ወሰን የሚጠቀሰው 2 በመቶ መሆኑን ስታስቡ፣ አደጋው ገና ሩቅ ሳለ ማየት ይቻላል ማለት ነው። የጠርሙሱ ክዳንና ሎጎ ቢያታልል፣ ሌዘሩ የሚያነበው ውስጡን ነው።

«ታዲያ አፕ የለውም?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ይገባኛል። የስልክ ካሜራ የተሠራው በዓይን ለሚታይ ብርሃን ነው፤ አልኮል አሻራውን በደንብ የሚተውባቸው የኢንፍራሬድ ሞገዶች ከካሜራው አቅም ማዶ ናቸው። ስለዚህ «ካሜራህን ጠርሙሱ ላይ ደግን፣ መርዝ መሆኑን እነግርሃለሁ» የሚል አፕ ካያችሁ እለፉት። ስልካችሁ የሚጠቅመው ሰው ሲታመም አምቡላንስ ለመጥራት ነው።

ማን ይለካ?

ወጣት አንባቢዬ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ክልክል ነው። ይህ ጽሑፍ ጠጡ አይልም። ግን የሚጠጣ ሰው አለ፤ ወንድማችሁ ሊሆን ይችላል፤ ለአጨዳ የወረደ የአክስታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚጠጣውን የማወቅ መብት አለው።

የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። ከገንዳ ውኃ፣ ከመተማ፣ ከቋራ ናሙና መሰብሰብ፤ በትክክለኛው የላብራቶሪ ዘዴ መለካት፤ በዚያ ላይ ሞዴል ማሰልጠን፤ በቆላው ሙቀት መፈተን። ለዚህ ቅርቡ የእውቀት ቤት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለኅብረተሰብ ጤና ተብሎ የተቋቋመ። አረቄ የሚያወጡት ሴቶችም በተከሳሽነት ሳይሆን በባለቤትነት ቢገቡበት ይሻላል። ናሙናዋን የሰጠች እናት ውጤቱን መጀመሪያ እሷ ትስማ። «ያንቺ ንጹህ ነው» የሚል ወረቀት ካገኘች፣ በር ላይ ትለጥፈዋለች። ጎረቤቷም ነገ «የእኔንም ለኩልኝ» ብላ ትመጣለች።

ያን ጊዜ መለኪያ የሚለው ስም እውነቱን ያገኛል። እስከዚያው ግን ጓደኛችሁ ከጠጣ በማግስቱ «ዓይኔ ደበዘዘ» ካለ አታስተኙት። አንሱትና ሐኪም ቤት ሩጡ።