የወፍጮ እንጉርጉሮና የደቦ ዘፈን

በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠሮች ከሙዚቃ መሣሪያ ይልቅ በሥራው በራሱ ምት የሚታጀብ ሰፊ የድምፅ ዜማ አለ። ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፈውን የሕዝብ ኪነ ጥበብ፣ ማለትም ሥነ ቃልን፣ የሚያጠኑ ምሁራን ይህን ዘርፍ የሥራ ዘፈን ይሉታል፤ የአረም፣ የአጨዳ፣ የውቂያና የወፍጮ ዜማዎችም በዚሁ ሥር ይመደባሉ። የሥራ ዘፈን ከአዝማሪ ዘፈን የሚለየው መሰንቆ ስለሌለው ብቻ አይደለም። አዝማሪ የሚዘፍነው ለአድማጭና ለሽልማት ሲሆን፣ የሥራ ዘፈን ግን ሰሚ ኖረም አልኖረም ሥራው እስካለ ድረስ ይዜማል፤ ምቱም፣ ርዝመቱም፣ የቃሉ አወራረድም የሚወሰነው በእጅ ውስጥ ባለው ሥራ ነው።

ይህ ቁርኝት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ነው። ወፍጮው ወደ ፊት ዘንበል ተደርጎ በመደብ ላይ የሚተከል ሰፊ ድንጋይ ሲሆን፣ መጅ የሚባለው ደግሞ ፈጪዋ በሁለት እጇ ጨብጣ በእህሉ ላይ የምትገፋውና የምትስበው ትንሹ ድንጋይ ነው። እህሉ በአንድ ጊዜ አይደቅም፤ መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ከዚያም ዱቄቱ እስኪልም ድረስ ደጋግሞ ይፈጫል። ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ማውጣት ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ፣ ሴቶች ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው፣ ብዙውን ጊዜም ሕፃን በጀርባቸው አዝለው ወፍጮ ላይ ያጎነብሳሉ። እንጉርጉሮ፣ ማለትም በዝግታና በለሆሳስ ለራስ የሚዜም ግጥም፣ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው። መጁ ሲገፋ ጉልበትና ትንፋሽ አብረው ይወጣሉ፣ ሲሳብ ደረት ፋታ ያገኛል፤ ቃሉም ይህን መመላለስ ተከትሎ ይወርዳል። በአማርኛ የቃል ግጥም እጅግ የተለመደው የወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች ተጋጥመው አንድ ስንኝ የሚሆኑበት አገጣጠም፣ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በሁለቱ ሐረጎች መካከል ያለችው አጭር ዕረፍት ለአንጎራጓሪዋ ትንፋሽ መሰብሰቢያም፣ የሚቀጥለውን ቃል ማሰቢያም ትሆናለችና።

የወፍጮ እንጉርጉሮ ትልቁ ሀብት ግን የሚናገረው ነገር ነው። በሩቅ አገር ተድራ ከእናቷ የተለየች ሙሽራ ናፍቆቷን፣ አማት የከበደባት ሴት ብሶቷን፣ ባሏ የከዳት እመቤት ቁጭቷን፣ ልጅ የቀበረች እናት ኀዘኗን የምትናገረው እዚህ ላይ ነው። በቀን፣ በሰው ፊት ቢነገር እንደ ድፍረት ሊቆጠር የሚችል ቃል በወፍጮ ላይ ሲዜም ለማንም ያልተላከ፣ ለድንጋዩ የተነገረ ይመስላል፤ ባልም ሆነ አማት ከመኝታቸው ሆነው እየሰሙት እንኳ መልስ ለመስጠት አይመቻቸውም። በወፍጮ ላይ እንዲህ በነፃነት የመናገር መብት በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈ ሆኖ ሳለ ለብዙ ሴቶች ሌላ መናገሪያ በሌላቸው ቤት ውስጥ መናገሪያ ሆኗቸው ኖሯል፤ እንጉርጉሮን እንደ ተራ የድካም ማቅለያ ብቻ የሚያይ አስተያየትም ከሁሉ የሚበልጠውን ተግባሩን ይስታል።

የደቦ ዘፈን ጠባዩ ከዚህ ይለያል። ደቦ አንድ ገበሬ ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ እህልና ጠላ አቅርቦ፣ አረሙን ወይም አጨዳውን በአንድ ቀን የሚያስጨርስበት የመረዳዳት ሥርዓት ነው። ዘፈኑን የሚመራው አውጪ ግጥሙን እዚያው በቦታው ይፈጥራል፤ ሌሎቹ ተቀባዮች አጭሩን አዝማች እየመለሱ በአንድነት ማጭዳቸውን ይሰነዝራሉ። አውጪው ደጋሹን ያሞግሳል፣ ወደ ኋላ የቀረውን አጫጅ በነገር ይወጋል፣ ጀግናውን ያነሣሣል፤ ወኔው ሲጋል ዘፈኑ ወደ ቀረርቶና ወደ ፉከራ ይሻገራል። በውቂያ ጊዜ ደግሞ ዘፈኑ ለበሬዎች ነው፤ በአውድማው ላይ ነዶውን እየረገጡ የሚዞሩትን ቡሬና ዳልቻ የሚነዳው ሰው በስማቸው እየጠራ ያባብላቸዋል፣ ውለታቸውንም ይዘረዝራል።

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ስለ አገር ጉዳይም ይዘፈናል። በደርግ ዘመን፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መመሪያ የተስፋፉት የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ እንዲሁም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ድልድል በምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ዘፈንና ቀረርቶ ውስጥ ምን መልክ እንደያዙ የሥነ ቃል ተመራማሪው ጌቴ ገላዬ ግጥሞቹን ሰብስበው አጥንተዋል። ሌላው የሥነ ቃል ተመራማሪ ፈቃደ አዘዘ በበኩላቸው በ1991 ዓ.ም. «የሥነ ቃል መምሪያ»ን ከማሳተማቸው በተጨማሪ፣ ስለ ድርቅና ረኃብ በሰሜን ሸዋ የተነገሩ የቃል ግጥሞችን እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ መጽሐፋቸው አቅርበዋል። የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ ገበሬው ስለ ራሱ የተናገረውን ከባለሥልጣን ዘገባ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ያስችላሉና።

የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር በተስፋፋ መጠን ሴቶች ከሌሊት ድካማቸው በከፊል ዐርፈዋል፤ ይህ ዕረፍት እጅግ የሚገባቸው ስለሆነ የድንጋዩን ወፍጮ መመለስ የሚመኝ ሊኖር አይገባም። ሆኖም እህሉን አሸክሞ ወደ ወፍጮ ቤት የሄደው ቤተሰብ እንጉርጉሮውን ይዞ አልሄደም፤ በሞተር ጩኸት መካከል ወረፋ እየጠበቁ ለራስ ማንጎራጎር አይቻልም። ከዜማዎቹ አንዳንዶቹ በባህል ቡድኖች አማካይነት ወደ መድረክ ወጥተዋል፤ እዚያ ግን ከበሮና መሰንቆ ተጨምሮባቸው፣ በጥቂት ደቂቃ እንዲያልቁ ተደርገው ስለሚቀርቡ በሥራው ላይ የነበራቸው ዝግታና ድግግሞሽ አይገኝባቸውም።

በዚህም ምክንያት መጅ መግፋት የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ባሉበት በአሁኑ ጊዜ የሚደረግ ቅጂ ግጥሙን በወረቀት በማስፈር ብቻ መወሰን የለበትም። እናቲቱ ወፍጮው ላይ አጎንብሳ፣ እህል ጨምራ፣ በእርግጥ እየፈጨች ስታንጎራጉር ድንጋዩና ድምፁ አብረው መቀዳት አለባቸው፤ እህሉ ሲሸረከት ያለው ሻካራ ምትና ዱቄቱ ሲልም ያለው ለስላሳ ምት አንድ ስላልሆኑ፣ በሁለቱም ጊዜ የምትለውን ለየብቻ መቅዳት ይገባል።