ከተማም እንደ ነጋዴ ሂሳቧን ስትይዝ

ነጋዴ ገበያው ደርቶ ሳለ እጁ ላይ ገንዘብ አልበረክት ካለው መጀመሪያ የሚገልጠው የወጪ መዝገቡን ነው። ከተማም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ነዋሪው ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ደመወዝ ይቀበላል። ነገር ግን ለነዳጅ፣ ለማሞቂያና ለመብራት የሚከፍለው ገንዘብ አንድ ጊዜ ከከተማው ከወጣ ተመልሶ አይመጣም። ይህን ቀዳዳ ቀድማ አይታ በመድፈኗ ስሟ በዓለም የተነሳ፣ ኋላም በዚያው መንገድ ላይ ክፉኛ የተፈተነች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ጉሲንግ ትባላለች።

ጉሲንግ የምትገኘው በኦስትሪያ ቡርገንላንድ ክፍለ ሀገር፣ ለሀንጋሪ ድንበር ቅርብ በሆነ ሥፍራ ነው። ነዋሪዋ 4 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። እስከ 1989 ድረስ (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያ ድንበር ምሥራቁንና ምዕራቡን የለየ አጥር ስለነበር ከወዲያ ማዶ ገበያ አልነበራትም። ባቡር አይደርስባትም፤ ፈጣን መንገድም አያገኛትም። ይህ ነው የሚባል ፋብሪካ ስላልነበራት ጉልበት ያለው ሰው ሳምንቱን ቪየና ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ለሰንበት ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ የኃይል ሂሳብ ሲመረመር ለዘይት፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ በየዓመቱ ወደ 6 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ከአካባቢው እንደሚወጣ ታወቀ። (ያን ጊዜ ኦስትሪያ የምትገበያየው በሺሊንግ ስለነበር አሃዙ ኋላ ተመንዝሮ የተሰላ ነው።) ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ ዙሪያዋን ደን ከከበባት፣ ግንዱ ሰብሳቢ አጥቶ ከሚበሰብስባት ከተማ ነበር።

የከተማው ምክር ቤት በ1990 አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ከተማዋ ደረጃ በደረጃ ከድንጋይ ከሰል፣ ከዘይትና ከጋዝ ትላቀቅ የሚል ነው። በ1992 የከንቲባነቱን ወንበር የያዙት ፔተር ቫዳስና የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ኢንጂነር ራይንሃርድ ኮህ ውሳኔው ወረቀት ላይ እንዳይቀር ተያያዙት።

ቁጠባው ቀደመ

ሥራው የተጀመረው ግዙፍ ማሽን በመትከል አልነበረም። የመንገድ መብራቶች አምፖል ተቀየረ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃዎች ሙቀት እንዳያፈሱ ግድግዳና ጣሪያቸው ተሸፈነ። በዚህ ብቻ የሕዝብ ሕንፃዎች የኃይል ወጪ በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም። ነገሩ ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ ያልተገዛ ዕቃ ዋጋው አይንርም።

ቀጥሎ የመጣው እንጨት ነው። በ1996 ከተማውን በአንድ ማዕከል የሚያሞቅ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አንድ ትልቅ ምድጃ የተፈጨ እንጨት እያነደደ ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤቶች ይሄዳል፤ ደንበኛውም እንደ ውሃና መብራት ቆጣሪ እያየ ይከፍላል። ለዘይት ይወጣ የነበረው ገንዘብ በደን ባለቤቱ፣ በእንጨት ጫኙና በቧንቧ ሠራተኛው ኪስ መግባት ጀመረ።

ከተማዋን ያስጠራት ግን በ2001 ሥራ የጀመረው ጣቢያ ነው። የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሔርማን ሆፍባወር በመሩት ጥናት የተሠራው ይህ ጣቢያ እንጨቱን ዝም ብሎ አያነድም። በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ጋዙ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩ 2 ሜጋዋት ኤሌክትሪክና 4.5 ሜጋዋት ሙቀት ይሰጣል።

ኢንቨስተሮችም አልዘገዩም። በተለይ የፓርኬ አምራቾች መጡ። እንጨታቸውን ለማድረቅ ርካሽ ሙቀት ያገኛሉ፤ ቁርጥራጩንና ሰጋቱራውን ደግሞ መልሰው ለጣቢያው ይሸጣሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 50 ያህል ኩባንያዎች እንደገቡና ከ1,000 በላይ የሥራ ቦታ እንደተፈጠረ በሰፊው ተነግሯል። ከተማዋን ለማየት ከየአገሩ የሚጎርፈው ጎብኚም ለሆቴሎቹ ሌላ ገበያ ሆነ።

ታሪፉ ሲያበቃ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለበዓል ንግግር ይመች ነበር። ገበያ ግን የራሱ ሕግ አለው። ጣቢያው ኤሌክትሪኩን ይሸጥ የነበረው መንግሥት ለተወሰኑ ዓመታት በደነገገው ከፍ ያለ ታሪፍ ነበር። በሌላ በኩል በኦስትሪያ በእንጨት የሚሠሩ ጣቢያዎች በመበራከታቸው ትናንት ሰብሳቢ ያጣው እንጨት ገዢው በዛ፣ ዋጋውም ወጣ። የመሸጫው ዋጋ ሲወርድና የጥሬ ዕቃው ሲወጣ መሐል ላይ ያለው ትርፍ ተነነ። ኩባንያው በ2013 ዕዳውን መክፈል እንዳልቻለ አሳወቀ፤ በ2016 ጣቢያው ሥራ አቆመ።

ማሽኑ ተበላሽቶ አልነበረም። ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የኖረና ለምርምር ምሳሌ የሆነ ማሽን ነው። የተበላሸው ሂሳቡ ነው። የስዊድኗ ጎተንበርግም በዚሁ ቴክኒክ ተመሥርታ ከእንጨት ጋዝ የሚያመርት ትልቅ ጣቢያ አሠርታ ነበር። የተፈጥሮ ጋዝ ረክሶ አላወዳድር ስላላት እርሷም በ2018 ዘጋችው።

ቁጠባው ግን ታሪፍ አይጠብቅም። በተሸፈነ ግድግዳ የዳነ ሙቀት ውል አያልቅበትም። የኃይል ዕቅድ የሚያወጣ ከተማ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን እንዳይጥል ከጉሲንግ የሚማረው ይህንን ነው።

ዕቅዱን ማንበብ

በዛሬው አውሮፓ የጉሲንግ ዓይነት ዕቅድ የጥቂት ደፋሮች ሥራ መሆኑ ቀርቷል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2008 ባቋቋመው «የከንቲባዎች ቃል ኪዳን» ሥር በሺህ የሚቆጠሩ ከተሞች ፈርመዋል። የፈረመ ከተማ መጀመሪያ ማን ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅና ምን ያህል የካርቦን ጭስ እንደሚወጣ ቆጥሮ ይመዘግባል። ቀጥሎ በሁለት ዓመት ውስጥ የሥራ ዕቅዱን ያቀርባል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ምን እንደሠራ ያሳውቃል። ከ2015 ወዲህ ጎርፍ፣ ሙቀትና ድርቅ የትኛውን ሠፈር እንደሚያሰጋም በዕቅዱ ውስጥ እንዲካተት ተደርጓል።

እንዲህ ያለው ሰነድ ለቢሮ መደርደሪያ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ቦታ የሚገዛ፣ የሚያሻሽጥ ወይም ፋብሪካ የሚተክል ሰው የጎርፍ ካርታውን ቀድሞ ቢያይ ይጠቀማል። የሕንፃ ዕድሳት በስንት ዓመት እንደታቀደ ካወቀ ለመስኮት፣ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ዕቃ ገበያው መቼ እንደሚደራ ይረዳል። በታሪፍ ላይ የቆመ ፕሮጀክት ሲገጥመው ደግሞ የታሪፉን ዕድሜና የብድሩን ዕድሜ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ታሪፉ ቀድሞ የሚሞት ከሆነ ቀሪውን ዕዳ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ብዕሩን አያንሳ። ጥሬ ዕቃው ዛሬ ርካሽ የሆነው በብዛቱ ነው ወይስ ገዢ ስላጣ? ይህንንም ይጠይቅ። ገዢ በማጣት የረከሰ ዕቃ ፕሮጀክቱ ራሱ ሥራ በጀመረ ማግስት መወደዱ አይቀርም።

የጉሲንግ ምክር ቤት በ1990 ያነሳው ጥያቄ ገንዘባችን ወዴት ይሄዳል የሚል ነበር። መልሱንም አግኝቶበታል። ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ከተሞች ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር አብረው ማንሳት አለባቸው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው፣ እስከ መቼስ ይከፍላል?