የፍጥረት መታደስ ተስፋና የክርስቲያን ደስታ

የክርስትና ተስፋ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ ወደ ሰማይ በመግባቷ ብቻ አያበቃም። ብዙ ምእመናን ስለ ወዲያኛው ዓለም ሲያስቡ በዐይነ ኅሊናቸው የሚመጣው ይህችን ምድር ጥሎ መሄድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እግዚአብሔር የፈጠረውን እንደማይጥል ይናገራል። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ፍጥረት ሁሉ መልካም ተባለ፤ በዮሐንስ ራእይ ፍጻሜ ደግሞ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ይታያሉ። እዚያም ቅድስቲቱ ከተማ ናት ወደ ምድር የምትወርደው፤ የእግዚአብሔር ማደሪያም ከሰዎች ጋር ይሆናል።

ነቢዩ ኢሳይያስ ይህን ተስፋ ወደ ቤትና ወደ ማሳ ያወርደዋል። በኦሪት ዘዳግም 28 ከተዘረዘሩት መርገሞች መካከል ቤት ሠርቶ አለመኖር፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን አለመብላት ይገኙበታል። ጦርነት ያፈናቀለው ወይም ሰብሉን በዝርፊያ ያጣ ሰው የዚህን ምሬት ያውቀዋል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 65 ይህንኑ መርገም ይገለብጠዋል፦ የሠራ ይኖርበታል፣ የተከለ ይበላል፣ ሕፃን በጨቅላነቱ አይቀጠፍም፣ የድካም ዋጋ በከንቱ አይቀርም። የተስፋው ደስታ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ራሱ በሕዝቡ ሐሴት እንደሚያደርግ ነቢዩ ጨምሮ ይናገራልና።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ፍጥረትን የሚያሳያት ምጥ እንደያዛት ሴት ነው። ሕመሙን አያቃልልም፤ ፍጥረት ለከንቱነት ተገዝታለች፣ ትቃትታለች ይላል። አማኞችም ያቃትታሉ፤ መንፈስ ቅዱስም ስለ እነርሱ በመቃተት ይማልዳል። ነገር ግን የምጥ ጩኸት ከጣር ጩኸት ይለያል፤ የሚጠበቅ ልጅ አለና። ስለዚህ ክርስቲያናዊ ደስታ ሐዘን የሌለበት ሰው ደስታ አይደለም። በድርቅና በበሽታ፣ በሞትም ፊት የሚያለቅስ ሰው ይህን ደስታ ሊይዝ ይችላል።

የተስፋው መሠረት የክርስቶስ ትንሣኤ ነው። ሉቃስ እንደጻፈው፣ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ ጌታ እጆቹንና እግሮቹን አሳያቸው፣ የተጠበሰ ዓሣም ተቀብሎ በፊታቸው በላ። የተነሣው ያው የተሰቀለው ሥጋ ነው፤ የችንካሩ ምልክት አልጠፋም፤ ሞት ግን ዳግመኛ አይገዛውም። ጳውሎስ ክርስቶስን ላንቀላፉት በኩራት ብሎ የሚጠራውም ለዚህ ነው። በኩራት የደረሰለት ገበሬ የቀረው አዝመራ እንደሚከተል ያውቃል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ሰማያት በእሳት እንደሚያልፉ ይናገራል፤ ታዲያ ምድር ትጠፋለች ማለት ነው? መልሱ እዚያው ምዕራፍ 3 ውስጥ ይገኛል። ሐዋርያው የቀድሞው ዓለም በጥፋት ውኃ ጠፋ ይላል፤ ሆኖም ኖኅ ከመርከቡ የወጣው ወደዚያችው ምድር ነበር። እሳቱም እንዲሁ ክፋትን የሚያስወግድ ፍርድ መሆኑን መረዳት ይበልጥ ያስኬዳል፤ ምዕራፉ ከእሳቱ ቀጥሎ የሚናገረው ጽድቅ የሚኖርባትን አዲስ ምድር ስለ መጠባበቅ ነውና። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግኖስቲኮች ግዙፉን ዓለም በናቁ ጊዜ፣ የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ የሥጋን ትንሣኤና የምድርን መታደስ አጥብቆ የተከራከረላቸው በዚሁ እምነት ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ተስፋ ልዩ ምስክር ጠብቃለች። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በዐመፅ የረከሰችው ምድር እንደምትፈወስና ዘሯም እንደሚበረክት ይተርካል። መጽሐፈ ኩፋሌም ሰማይና ምድር የሚታደሱበትን ቀን ያነሣል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ደስታ በሰውነት ጭምር ታስለምዳለች። እ.ኤ.አ. በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ምእመናን ቆመው እንዲጸልዩ ደነገገ። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ እሑድ የሚመጣው ዓለም አምሳል መሆኑን ያነሣል። በኢትዮጵያም በሰሙነ ሕማማት አብዝቶ የሰገደው ምእመን በበዓለ ኀምሳ ስግደት የለበትም፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። ጉልበቱ ያረፈው ችግሩ ስላለቀ አይደለም፤ የሚመጣውን ዓለም ከወዲሁ ስለሚያከብር ነው።

ይህ ተስፋ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን አያስተምርም። ጳውሎስ ስለ ትንሣኤ የጻፈውን ረጅሙን ምዕራፍ፣ አንደኛ ቆሮንቶስ 15ን፣ የሚዘጋው በጌታ ሥራ መትጋትን በማዘዝ ነው። ተስፋው የሚፈጸምበትን ቀን ግን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዘመን እየቆጠሩ ቀን የሚቆርጡ መምህራንም ሊደመጡ አይገባም። አብያተ ክርስቲያናት በዮሐንስ ራእይ ስለተጠቀሰው የሺህ ዓመት መንግሥት የተለያየ ትርጓሜ አላቸው፤ በቍስጥንጥንያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ381 ዓ.ም. የጸናው ጸሎተ ሃይማኖት ግን የሚያበቃው የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ሕይወት በመጠባበቅ ነው።